«ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ላለን ወንድማችን መልስ

በዚህች ጋዜጣ ባለፈው ቁጥር አንድ ወንድማችን «የንባብ ክበቡ ይታጠፍ» ሲል ጽፏል። አሳቡ ባጭሩ ይኸ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አራት ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ልብ ወለድ ያነባሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ ወፍ ያወራሉ። ክፍሉም ሰዓቱም ለማጠናከሪያ ትምህርት ቢውል ብዙ ተማሪ ይጠቅማል። ድኻ አገር ደግሞ መሐንዲስ እንጂ ተረት አንባቢ አያስፈልጋትም። ጽሑፉን የደመደመው «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» ብሎ ነው። ማኅበራችን በሚመጣው ሐሙስ ድምፅ የሚሰጥበት ነገር ስለ ሆነ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም።

በመጀመሪያ ወንድማችን እውነት የተናገረበትን ልመን። ፈተናን መፍራቱ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። በ2015 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተነው መቶ ተማሪ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኘው አራት እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ተዳረሰ። ከአንዱ ፈተና ላቡ ሳይደርቅ ሌላው ከፊቱ የቆመበት ተማሪ ስለ ልብ ወለድ ሲነግሩት ቢቆጣ አልፈርድበትም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ ነበርሁ። ሃንድአውት ያልሆነ ነገር ሳነብ ሰው ሲመጣ በደብተር እሸፍነው ነበር፤ እንደ ሌባ።

ዳሩ ግን ልብ ወለድን «ጊዜ መግደያ ውሸት» ብሎታል። ቃሉን ከየት እንዳገኘነው ቢጠይቅ መልካም ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ. ም. ሮማ ላይ ያሳተመውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» አለው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሁሉ ስሙን ወረሱ። ልብ የወለደው ነገር ሁሉ ውሸት ከሆነ መሐንዲሱ ያልተሠራ ድልድይ ወረቀት ላይ ሲስል ምን እያደረገ ነው?

ጊዜ መግደያ ብቻ ከሆነስ መንግሥት ለምን ፈራው? የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ. ም. ወጣ፤ ብዙም ሳይቈይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል፤ በፈረንጆች 2025 በእንግሊዝኛም ተተርጕሞ ወጥቷል።

ሩቅ ሳንሄድ የዚችኑ ከተማ ልጅ ነቢይ መኮንንን እንውሰድ። ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ያን የሚያህል ወፍራም ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰ። መጻፊያ ወረቀት አልነበረውም። በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ስስ ወረቀት እያወጣ ጻፈበት፤ ቁራጩ 3,000 ያህል ደረሰ። የሚፈቱ እስረኞች ያን ወረቀት እንደገና በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየሸሸጉ ጥቂት በጥቂት ወደ ውጭ አወጡት። «ነገም ሌላ ቀን ነው» የምንለው መጽሐፍ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ነቢይ በ2016 ዓ. ም. ዐረፈ። እኛ ባለፈው ወር በክበባችን ያነበብነው ይኸንኑ መጽሐፍ ነው፤ ገጹን ስገልጥ ስንቱ ፓኮ በአንድ ምዕራፍ እንዳለቀ እያሰብሁ መስመሩ ይጠፋብኝ ነበር። ፓኮውን በኪሱ ይዞ በዘበኞቹ ፊት ያለፈው ሰው ቢያዝ ምን እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር። እርሱን አስቁሞ «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ?» የሚለው ማን ነው?

አሁን ወደ ወፎቹ ልመለስ። ወንድማችን «ወፍ ቆጣሪዎች» ብሎናል። ቀልዱ ደርሶኛል፤ ስቄበታለሁም። ነገሩ የተጀመረው አንድ ጓደኛችን ከአጎቱ የሩቅ ማያ መነጽር ስላገኘ ነው፤ አንደኛው መስተዋት ተሰንጥቋል፤ በደኅናው ዐይን ብቻ እየተቀባበልን እናያለን። አንድ እሑድ ገንዘብ አዋጥተን በሚኒባስ ሞጆንና መቂን አልፈን ወደ ባቱ፣ ወደ ቀድሞዋ ዝዋይ፣ ወረድን። በሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ሲበልቱ አባ ኮዳዎቹ ራሳቸውን ደፍተው፣ እንደ መንደር ሽማግሌ ተሰልፈው፣ ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። አንዱ የወረወሩለትን አንጀት ለመዋጥ ሲታገል ሌላው ከጀርባው መጥቶ ነጠቀው፤ የተነጠቀው ዳኝነት እንደሚፈልግ ዞር ብሎ እኛን አየን። እንዲያ አድርጌ የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ከዚያ የተጠበሰ ቆሮሶ በዳጣ በልተን ተመለስን። ሐይቁ ውስጥ ቱሉ ጉዶ በሚባለው ደሴት ላይ በደብረ ጽዮን የሚኖሩትን የብራና መጻሕፍት ለማየት ግን የጀልባ ገንዘብ አልተረፈንም፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።

በሌላ እሑድ ቡልቡላን አልፈን አብያታ ሄድን። በመጽሐፍ ያየነው ሥዕል ዳርቻው በሮዝ ፍላሚንጎ የተሞላ ነበር። ከመኪና መንገድ ወርደን ወደ ውሃው ሄድን፤ ሄድን፤ አሁንም ሄድን፤ ውሃው አይቀርብም። ለካ የምንረግጠው የነጣ መሬት ሐይቁ የለቀቀው ወለል ነው። አንድ የአካባቢው ሰው «ውሃው ዱሮ እዚህ ድረስ ነበር» ብለው ከኋላችን፣ እጅግ ከኋላችን፣ ያለውን ስፍራ በዱላቸው አሳዩን። ወፎቹን አየናቸው፤ ከሩቅ እንደ ቀይ ክር ተዘርግተው።

ከዚያ ተመልሼ ምክንያቱን ፍለጋ ገባሁ። የመቂና የከታር ወንዞች ዝዋይ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። ላይኛው ሐይቅ ላይ ለመስኖና ለአበባ እርሻ ውሃ ይሳባል፤ ታች ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ከራሱ ከአብያታ ሲቀዳ ኖሯል። አብያታ ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ ገቢው ትንሽ ሲቀንስ ዳርቻው ብዙ ይሸሻል። ጎረቤቱ ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቅ ስለ ሆነ እንዲያ በቀላሉ አይጋለጥም። ይኸንን የተማርሁት በክፍል አይደለም። አንድ ፓምፕ በሴኮንድ ስንት ሊትር እንደሚስብ በፈተና ተጠይቄ በትክክል መልሻለሁ። ውሃው ከማን ላይ እንደሚሳብ ግን እስካሁን የጠየቀኝ መምህር የለም፤ መምህሮቻችን ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እዚህ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥሁ። ምን እያደረግሁ ነው? ወንድማችን የራሱን ሚዛን አቀበለኝ፤ እኔም «እነሆ ይመዝናል፣ እነሆ ይጠቅማል» እያልሁ ደስታዬን እላዩ ላይ እከምራለሁ። ወፍ ማየት ነገ አንዳች ጥቅም የሌለው ሆኖ ቢገኝስ? መተው ሊኖርብኝ ነውን? አይደለም። ባቱ የወረድሁት የሐይቅ ሊቅ ለመሆን አልነበረም፤ ደስ ስለሚለኝ ነው። ቅዳሜ ጧት ልብሴን አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣና የአዳማ ነፋስ በግማሽ ሰዓት ሲያደርቀው፣ ከከተማው ወዲያ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ሲዞሩ እያየሁ፣ ቦምቦሊኖ በሻይ እየነከርሁ ሁለት ምዕራፍ አነባለሁ። ደስ ይለኛል። ሌላ ማስረጃ የለኝም፤ እንዳቀርብም የሚያስገድደኝ ሕግ አላየሁም።

«ድኻ አገር» ላለው ደግሞ አንድ ነገር ልንገረው። አክስቴ ገበያ ውስጥ የመቂ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ፊደል አልቆጠረችም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ግን ከእኔ በፊት ታውቀዋለች፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው እየሰማች ስላደገች ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤቷ ነው የምትጠቅሰው። በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤት ስሄድ ሰው ሁሉ ውጤቴን ይጠይቀኛል። እርሷ ግን «አሁን ደግሞ ምን እያነበብህ ነው? በል ንገረኝ» ትለኛለች። የበሰበሰውን ከደኅናው እየለየን እተርክላታለሁ። ያንን የሲጋራ ወረቀት ነገር ስነግራት ሽንኩርቱን አስቀምጣ «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ። ይኸች ሴት ድኻ ናት፤ ተረት አያስፈልጋትም የሚል ካለ ገበያ መጥቶ ለራሷ ይንገራት። እኔ አልነግራትም።

አሁን ወደ ሐሙሱ ጉዳይ። ማጠናከሪያ ትምህርቱን የምንቃወም አይደለንም፤ ከመካከላችን ሦስቱ በዚያው የሚያስተምሩ ናቸው። ክፍሉ ቅዳሜ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ለማጠናከሪያው ይሁን፤ ከ9 እስከ 11 ለእኛ ይተውልን። በካርቶን ያሉት ሠላሳ አንድ መጻሕፍት ዕቃ ግምጃ ቤት ይግቡ የተባለውም ይቅር፤ ባሉበት ማዕዘን ለማንም አያስቸግሩም። ለጠረጴዛ ቴኒስ አዲስ መረብ የገዛ ማኅበር (መረቡን እኔም እጫወትበታለሁ) ለአንድ መደርደሪያ ጣውላ አያጣም።

በሚመጣው ቅዳሜ የምንጀምረው የዳባ ወየሳን «ጎዳኒሳ» ነው። አፋን ኦሮሞ የሚያነቡት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ የማናነበውን እየቆሙ ያስረዱናል፤ እንግዲህ አንዱ ምዕራፍ እስኪያልቅ መምሸቱ ነው። ወንድማችንም ይምጣ። ሻይ አለ። ስኒ ግን ያለን ስድስት ብቻ ስለ ሆነ የራሱን ይዞ ይምጣ።