የከተማ ፕላን የሚያጠና ወጣት ከምን ይጀምር?

በየዓመቱ የምረቃው ወራት ሲደርስ፣ ጥቁር ካባ የለበሰው ወጣት ገና ፎቶግራፉን ተነሥቶ ሳይጨርስ ከዘመድም ከወዳጅም አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል። ይኸውም «እንግዲህ ቀጥሎስ ምን ልትማር አስበሃል?» የሚል ነው። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ብዙ ጊዜ ስላልሆነን ይኸ ጥያቄ ከጆሯችን አልጠፋም። ከጓደኞቻችን መካከል የሕንፃ ንድፍ፣ ምሕንድስና፣ ጂኦግራፊና አስተዳደር የተማሩት ብዙዎቹ አሁን የሚሰጡት መልስ አንድ እየሆነ መጥቷል፤ «የከተማ ፕላን ወይም የከተማ ንድፍ በሁለተኛ ዲግሪ ማጥናት እንፈልጋለን» ይላሉ።

ምኞቱ መልካም ነው፤ አገሪቱም ትፈልገዋለች። ነገር ግን አንድ ወጣት ጊዜውንና የመንግሥትን ወይም የወላጆቹን ገንዘብ ለዚህ ትምህርት ከማዋሉ በፊት ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። የከተማ ፕላን ትምህርት የሚጀምረው ከየት ነው? ከወረቀቱ ነውን፣ ወይስ ከሰፈሩ? በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ለመመርመር እንሞክራለን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድሞ ስለ ትምህርቱ አመጣጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ትምህርቱ እንዴት ተጀመረ?

ከተማን አንድ ባለሙያ ብቻውን አይሠራውም። መንገዱን መሐንዲሱ፣ ሕንፃውን አርክቴክቱ፣ ግብሩን የገንዘብ ሹሙ፣ የመሬቱን ጉዳይ ሕግ ዐዋቂው ይይዘዋል። ሁሉም ለየብቻው ሥራውን አሳምሮ ሲያበቃ ግን የዝናቡ ውሃ መውረጃ አጥቶ ከሰው ቤት ይገባል፤ ሠራተኛው ከሥራው ሁለት ታክሲ በሚያስለውጥ ርቀት ላይ ይሰፍራል። የከተማ ፕላን ትምህርት የተፈጠረው ይህን ሁሉ በአንድ ዓይን የሚያይ ሰው ስለታጣ ነው። በመጀመሪያው ዲግሪ አንዱን ሙያ የተማረ ሰው፣ በሁለተኛው ዲግሪ ከሌሎቹ ሙያዎች ጋር መነጋገርን ይማራል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1909 በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ፣ በሳሙና ንግድ የከበረው ዊልያም ሊቨር በሰጠው ገንዘብ አንድ ክፍል አቋቋመ። በዓለም ላይ ለከተማ ፕላን ትምህርት የተከፈተ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ክፍል ይኸው ነው። በአሜሪካም የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1929 የከተማ ፕላን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1956 ደግሞ በሆሴ ሉዊስ ሰርት መሪነት ስለ ከተማ ንድፍ ጉባኤ ጠርቶ፣ በ1960 የከተማ ንድፍን ራሱን የቻለ ትምህርት አደረገው። ሁለቱ የሚለያዩት እንዲህ ነው። ፕላኑ መሬቱ ለምን አገልግሎት እንዲውል፣ መንገዱና ውሃው በየት እንዲያልፍ፣ ሕዝቡ ሲበዛ ወዴት እንዲሰፍር ይወስናል። ንድፉ ደግሞ መንገዱ፣ አደባባዩና ሕንፃው እንዴት እንደሚገናኙ፣ እግረኛው ጥላ የት እንደሚያገኝ፣ ሽማግሌው የት አረፍ እንደሚል ያስባል።

ይኸ የሩቅ አገር ታሪክ ይመስላል። ሆኖም በሊቨርፑሉ ክፍል በፕሮፌሰርነት ካስተማሩት አንዱ ፓትሪክ አበርክሮምቢ ነበሩ። እኚህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1943 እና በ1944፣ የለንደንን ታላላቅ ፕላኖች ያዘጋጁ ሲሆኑ፣ በ1956 የወጣው የአዲስ አበባ ማስተር ፕላንም በስማቸው ይጠራል። ስለዚህ የዚያ ትምህርት ቤት እጅ ከእኛ ዋና ከተማ ደርሷል።

አዲስ አበባና ፕላኖቿ

ከአበርክሮምቢ በፊት የነበረው ታሪክ ጭምር ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። በ1936 ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ ዝነኛው አርክቴክት ለኮርቢዚዬ አዲስ አበባን ሳያያት ንድፍ አወጣላት። በንድፉ ላይ ከተማይቱ እንደ ባዶ ሜዳ ተቆጥራ ቀጥ ባሉ መስመሮች ተከፋፍላለች። ደግነቱ ይኸ ንድፍ ከወረቀት አላለፈም። የወራሪው መንግሥት መሐንዲሶች ያወጡት ፕላን ግን ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ለመለየት የታሰበ ነበር፤ የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን ስፍራ የፈጠረው ይኸው አሳብ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የከተማ ፕላን መስመር ብቻ ሳይሆን የሰውን አኗኗር የሚወስን ሥልጣን መሆኑን ነው።

ከአበርክሮምቢ በኋላ በ1959 ቦልተን ሄነሲ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት፣ በ1965 ፈረንሳዊው ደ ማሪየን፣ በ1978 የሃንጋሪው ፖሎኒ፣ በ1986 የኢትዮጵያና የጣሊያን ባለሙያዎች በጋራ ፕላን አወጡ። በ2002 እና በ2017 የወጡት ፕላኖች ደግሞ በአብዛኛው በከተማይቱ በራሷ መሥሪያ ቤትና በአገር ልጆች የተዘጋጁ ናቸው። እንግዲህ ከ1956 እስከ 2017 ባሉት 61 ዓመታት ውስጥ ሰባት ፕላኖች ተቆጥረዋል።

ይህን ስንል ሁሉም ከንቱ ቀረ ማለታችን አይደለም። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ቆሞ የቸርችልን ጎዳና እስከ ለገሐር ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ የ1965ቱ ፕላን አሳብ ምን እንደነበረ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል። ነገር ግን አበርክሮምቢ ለለንደን እንዳሰቡት ሁሉ ለአዲስ አበባም ያሰቧቸው በዙሪያዋ የሚቆሙ ትናንሽ ከተሞችና በሥርዓት የተከፈሉ መንደሮች አብዛኞቹ በወረቀት ቀሩ። ለምን? የገንዘብ እጥረት አንዱ ምክንያት ነው፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የከተማው መሬት በጥቂቶች እጅ መሆኑም ሌላው ነው። ሦስተኛው ምክንያት ግን ለእኛ ለተማሪዎቹ ይበልጥ ይቀርበናል። ፕላኑን የነደፉት ሰዎች ከተማይቱን ሳያውቁ መጡ፤ ማወቅ ሲጀምሩ ደግሞ ሄዱ።

አዲስ አበባ የበቀለችው ከሰፈር ነው። ቤተ መንግሥቱ፣ የአራዳ ገበያና ቤተ ክርስቲያኖቹ በየኮረብታው ቆመው፣ መኳንንቱ በዙሪያቸው ጭፍሮቻቸውን አሰፈሩ። ጌታና ሎሌ፣ ባለጸጋና ድኻ በአንድ አጥር አካባቢ መኖራቸው የመጣው ከዚያ ነው። ይኸ ከመጽሐፍ ላይ በተገለበጠ የሰፈር አከፋፈል አይፈታም። ሕዝቡም ፕላኑን ቆሞ አልጠበቀም። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 1.4 ሚሊዮን ያህል የነበረው ነዋሪ፣ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. 2.7 ሚሊዮን ሆኖ ተገኝቷል።

ከመንደፍ በፊት መጠየቅ

ስኮትላንዳዊው ሊቅ ፓትሪክ ጌዲስ ለዚህ መድኃኒቱን ከመቶ ዓመት በፊት ተናግሮት ነበር። ከፕላን በፊት ጥናት ይቅደም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1914 በኋላ በህንድ አገር ከተማ ለከተማ በእግሩ እየዞረ፣ መሐንዲሶች ሰፊ መንገድ ለማውጣት ሲሉ ሊያፈርሷቸው ያሰቧቸውን ጠባብ ሰፈሮች አንድ በአንድ ተመለከተ። ሁሉን ከማፍረስ ይልቅ የታመመውን ክፍል ብቻ ለይቶ ማንሣት፣ ኩሬውን መጥረግ፣ ዛፍ መትከል፣ የፈረሰውን ቤት ስፍራ ለልጆች መጫወቻ ማድረግ ርካሽም ለሕዝቡም የተሻለ መሆኑን አስረዳ። ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር ቢላ እንደማያነሣ ሁሉ፣ የከተማ ባለሙያም እንዲሁ መሆን አለበት ማለቱ ነው።

እኛም ይህን በትንሹ ቀምሰነዋል። ገና ተማሪዎች ሳለን፣ የሕንፃ ንድፍ ከሚማሩ ጓደኞቻችን ጋር ለጥናት ወደ አንድ ሰፈር ወርደን ነበር። በያዝነው ካርታ ላይ «ክፍት ቦታ» የተባለ ባዶ መሬት ስላገኘን፣ ማታውን በአረንጓዴ ቀለም ቀብተን መናፈሻ አደረግነው። በማግስቱ ስፍራውን ስናየው የጉልት ገበያ ነው። ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ እዚህ እኮ የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ነው፤ ሌላ ቀን ደግሞ እንጀራችን ነው» አሉን። መምህራችን ሥራችንን አይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ማንን ጠይቃችሁ ነው?» መልስ አልነበረንም።

የእኛ ስሕተት በአንድ ወረቀት ላይ ቀርቷል። ባለሥልጣን የሆነ ባለሙያ ተመሳሳይ ስሕተት ቢሠራ ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በሌሎች ከተሞች በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግር መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና የመንገድ መብራት ተሠርቷል። ሕፃን ልጅ ይዞ ከመኪና ጋር እየተጋፋ ይሄድ ለነበረ እግረኛ ይኸ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ሥራ ደግሞ ብዙ ቤተ ሰብ ከኖረበት ሰፈር ተነሥቶ ወደ ሌላ ሄዷል። የቤቱ ስፋት በሜትር ይለካል፤ ምትኩም ይሰጣል። የእድሩን መበተን፣ የጉልት ነጋዴዋን ደንበኞች መቅረት፣ ከአዲሱ ቤት እስከ ሥራ ያለውን የታክሲ ሒሳብ ግን ማን ይለካዋል? ቤት በቤት ይተካል፤ ጎረቤት ግን በምን ይተካል? የከተማ ፕላን በሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው የሚፈለገው ለዚህ መልስ እንዲያዘጋጅ ነው። መልሱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቁጥር ተመዝግቦ ከሹሙ ጠረጴዛ ላይ መገኘት አለበት።

የት እንማር?

አገር ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚለው ጥያቄ ወጣቱን ብዙ ያከራክረዋል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተቋቁሞ ነበር፤ ወራሹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የኢትዮጵያ ኪነ ሕንፃ፣ ሕንፃ ግንባታና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ነው። በዚህ ኢንስቲትዩት የከተማ ንድፍና ፕላን በሁለተኛ ዲግሪ ሲሰጥ ቆይቷል። በውጭ አገርም በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያለው የልማት ፕላን ክፍልና በሮተርዳም ያለው የቤቶችና የከተማ ልማት ጥናት ተቋም እንደ እኛ ካሉ አገሮች የሚሄዱ ባለሙያዎችን ሲያስተምሩ ኖረዋል።

የእኛ አስተያየት እንዲህ ነው። ዕድሉን ያገኘ ይሂድ፤ የሌላውን ከተማ ማየት የራስን ለማየት ዓይን ይከፍታል። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፉን ስለ ሮተርዳም ቦይ ሳይሆን ስለ ራሱ አገር ከተማ ይጻፍ፤ ለዚያም ክረምትና በጋ መጥቶ ይመልከት። ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ነውና። ደግሞም አዲስ አበባ ብቻ ከተማ አይደለችም። ዋና ከተማይቱ ሰባት ፕላን ሲወጣላት፣ ስንት የወረዳ ከተማ በመንገድ ዳር እየተዘረጋ፣ ጎርፍ በሚወርድበት ላይ ቤት እየተሠራበት ያድጋል! ከነዚህ አንዱን ይዞ፣ የውሃውን መውረጃ፣ የገበያውን ቀን፣ የጋሪውንና የባጃጁን መንገድ አጥንቶ የሚመለስ ወጣት፣ ዲግሪው በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብቻ አይሆንም።

ለወጣት ሹማምንትም አንድ ቃል አለን። ተምሮ የመጣውን ሰው ከሙያው ውጭ ባለ ወንበር አስቀምጦ ደብዳቤ ማስፈረም፣ የአገርን ገንዘብ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። በየዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ስለ ከተሞቻችን የተጻፉ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች አቧራ ይዘው ተቀምጠዋል። አንድ ሰፈር ለማደስ የታሰበ እንደሆነ፣ አስቀድሞ ስለዚያ ሰፈር የተጻፈውን አስፈልጎ ማንበብ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን የዓመታት ጸጸት ነው።

የ2017ቱ የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን የተዘጋጀው ለአሥር ዓመት፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. እስከ 2027 ነው። ከእርሱ በኋላ ያለውን ሥራ የሚረከቡት ዛሬ በየክፍሉ ተቀምጠው የሚማሩት ናቸው። እነርሱን አበርክሮምቢ ወይም ደ ማሪየን አይተካላቸውም፤ የሚወቀስም የውጭ ሰው አይኖራቸውም። ስለዚህ እርሳሱን ከመቅረጻቸው በፊት ጫማቸውን ያጥብቁ፤ ወደ ሰፈሩም ወርደው ይጠይቁ እንላለን። በዚያ ለሚኖረው ሰው ከተማ ማለት ቤቱና እንጀራው ነውና።