ከመነጽሩ በስተጀርባ ያለው እንቢታ

ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በዋሻ ውስጥ የሚገኘውን የነአኩቶ ለአብን ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሁሉ፣ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚቀበሉትን ጎድጓዳ ድንጋዮች ሳያይ አይመለስም። የላስታ ሰውና ድንጋይ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። በዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ድንጋዩ ሳይሆን፣ ዛሬም መሮና መዶሻ ይዞ ስለሚጠርበው ሰው ደኅንነት ጥቂት ለማለት አስበናል።

በዚያው መንገድ ስናልፍ አንድ አረጋዊ ድንጋይ ጠራቢ ዐይናቸውን ጨፈን እያደረጉ ሲሠሩ አገኘን። የሥራ መነጽራቸው አጠገባቸው ተቀምጧል። «አባቴ፣ መነጽሩን ለምን አያደርጉትም?» ብንላቸው ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ላቡ ያደበዝዘዋል። የሚከፈለኝ በጠረብሁት ድንጋይ ቁጥር ነው፤ መነጽር ስወለውል ውዬ ማታ ምን ይዤ ልግባ?» ሲሉ መለሱልን።

ከዩኒቨርሲቲ የወጣነው በቅርቡ ነውና፣ እንዲህ ያለውን እንቢታ «ካለማወቅ የመጣ ነው» ለማለት ተዘጋጅተን ነበር። መልሳቸው አሳፈረን። እሳቸው የጠሉት መነጽሩን ሳይሆን የዕለት ገቢያቸው መጉደሉን ነው።

ይህ በላስታ ብቻ የሚታይ አይደለም። በየከተማው ሕንፃ ሥራ «ፈሪ» እንዳይባል የራስ ቁሩን የሚያወልቅ ወጣት አለ፤ ወጪ የሚፈራ አሠሪም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 መከላከያ መሣሪያ ማቅረብን የአሠሪው ግዴታ ሲያደርግ፣ በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው በሚገባ እንዲጠቀምበት ያዛል። ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን ላብ አይጠርግም።

በአሜሪካ የጎልደን ጌት ድልድይ ከ1933 እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ሲሠራ፣ የራስ ቁር ግዴታ ከመሆኑም ሌላ ከሥር የተዘረጋው መረብ 19 ሰዎችን ከሞት አትርፏል። በየካቲት 1937 ግን አንድ መወጣጫ ተገንጥሎ መረቡን ቀደደና 10 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ሠራተኛውን ሳያስቸግር የሚጠብቅ ዘዴ ከሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛው፣ የትኛውም ዘዴ ቢሆን ክትትል ይሻል።

ወደ ጠራቢው ስንመለስም እንደዚሁ ነው። ድንጋዩን በውሃ ማራስ ብናኙን ይቀንሳል፤ ጠራቢዎችን አራርቆ ማስቀመጥ የአንዱ ፍንጣሪ ሌላውን እንዳይመታ ያደርጋል። መነጽሩንም ገዝቶ ከማደል በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት አምጥቶ ሠራተኛው ራሱ ሞክሮ እንዲመርጥ ማድረግ፣ እስኪለምደውም ድረስ ገቢው እንዳይጎድል መደገፍ ይገባል። አለቃውም አስቀድሞ ራሱ ያጥልቀው። ጉዳት የደረሰበትን የሚናገር ሠራተኛ የሚቀጣ ከሆነ ግን፣ አደጋው ይደበቃል እንጂ አይጠፋም።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኒያ አባት የጠየቁን ምክር አልነበረም፤ ዐይናቸውንም እንጀራቸውንም የሚጠብቅ አሠራር እንጂ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ማለት ፍትሕ አይደለም።