«ሥራሽ የትኛው ነው?»

መጽሔት የምታሰናዳ፣ ድረ ገጽ የምትነድፍ፣ ማታ ደግሞ ሸራ ወጥራ የምትሥል ወጣት ስትገጥመን «ሥራሽ የትኛው ነው?» እንላታለን። መልሷን ሳንጠብቅም «ሁለት ያባረረ አንድም አይዝ» ብለን እንፈርዳለን።

ለመሆኑ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ማን ነው? በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ በ150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል አደመቁ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስን ካቴድራል አስጌጡ፤ ቴምብር ነደፉ፤ መኖሪያቸውን ቪላ አልፋንም ራሳቸው ነደፉ። እጃቸው በብዙ ቢሰማራም ዓይናቸው አንድ ነበር።

የወጣቷም እንዲሁ ነው። «ጸ» እና «ጰ» በትንሿ የስልክ ገጽ ላይ ለምን እንደሚምታቱ ቀድሞ የሚገባት ፊደሉን በብሩሽ ሥላ፣ በወረቀት አሳትማ ያየችው ናት። አዎን፣ ሁሉን ነካክቶ አንዱንም የማያበስል አለ። እርሱን ሥራው ያጋልጠዋል፤ የሙያ ብዛት ግን ወንጀል አይደለም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጥያቄያችን የዋጋ ነው። አርማውን «እግረ መንገድሽን ሥሪልን»፣ ድረ ገጹን «ኮምፒዩተሩ ይሠራዋል» እያልን ሦስት ሥራ አሠርተን የአንዱን እንከፍላለን። ሥራዋ የትኛው እንደሆነ ከመጠየቃችን በፊት የሠራችውን እንክፈላት።