ለዶሮዎቻችን አምፖል ወይስ ደረቅ ቆጥ?

ኅዳር በገባ ቁጥር በዙሪክም ሆነ በጄኔቫ የጓሮ ዶሮ የምናረባ ተማሪዎችን አንድ ጥያቄ ያከራክረናል፤ ለበረዶው ወራት ማሞቂያ አምፖል እንግዛላቸው ወይስ አንግዛ? የእኔ መልስ አጭር ነው። ላደገችና ጤነኛ ለሆነች ዶሮ አያስፈልግም።

ክርክሩ የሚነሳው ከራሳችን ብርድ ይመስለኛል። ሦስት ልብስ ደራርበን ስለምንወጣ ዶሮዋም እንደኛ የምትንቀጠቀጥ ይመስለናል። የዶሮ የሰውነት ሙቀት ግን 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ላባዋን ስትነፋ በመካከሉ የሚቀረው አየር እንደ ጋቢ ያሞቃታል። ማታ እህል በልታ ካደረች ደግሞ የምግቡ መፈጨት ራሱ ሙቀት ይሰጣታል። እዚሁ ስዊዘርላንድ ውስጥ የአፐንዘል ባለጢም ዶሮ በተራራው ብርድ የኖረች ዝርያ ናት፤ አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ አጭርና ዝቅ ያለ ስለሆነ ውርጭ በቀላሉ አያገኘውም።

"የአገራችን ዶሮ እኮ ከሰው ጋር ቤት ውስጥ ነው የምታድረው" የሚሉ አሉ። እውነት ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ዙሪያም ሆነ በመንዝ የገበሬው ዶሮ ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ታድራለች። ይህ ግን በዋናነት ሸለምጥማጥ እንዳይበላት ነው። ቤቱም የሚጠቅማት ደረቅና ነፋስ የማያስገባ በመሆኑ ነው።

ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ከትንፋሿና ከኩሷ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ዶሮዋ ትረጥባለች፤ ያኔ አናቷና ጣቶቿ በውርጭ ይመታሉ። ስለዚህ ከቆጡ በላይ አየር ማስወጫ ይኑር፤ ከቆጡ በታች ግን የጄኔቫው ቢዝ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ይደፈን።

"ካልበራላቸው እንቁላል ያቆማሉ" የሚለውም የብርሃን እንጂ የሙቀት ጉዳይ አይደለም። በታኅሣሥ የዙሪክ ቀን 8 ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ የአዲስ አበባው ከ11 ሰዓት ይበልጣል። ዶሮዋ በዚህ ወቅት ብታርፍ ተፈጥሮዋ ነው።

አምፖሉ ደግሞ አደጋ አለው። ገለባና አቧራ በሞላበት ጠባብ ቤት ውስጥ ቢወድቅ እሳት ያስነሳል። መብራት ቢጠፋ ሙቀት የለመዱት ዶሮዎች በአንድ ሌሊት ለብርዱ ይጋለጣሉ።

ጫጩቶች ግን ሌላ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋሉ፤ ላባ እስኪያወጡ ድረስም በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ መሞቅ አለባቸው። የታመመች ወይም ላባዋ የረገፈ ዶሮም ለይቶ ማሞቅ ተገቢ ነው።

ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው የሚባለው፤ አምፖል አላለመችም። ገንዘባችንን ለእህል፣ ለደረቅ ገለባና ውሃው እንዳይበርድ ለሚያደርግ ዕቃ እናውለው። ከመግዛታችሁ በፊትም ነገ ጠዋት የዶሮ ቤታችሁን ጣሪያ በእጃችሁ ዳስሱት። እርጥብ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ አየር ማስወጫ ነው።