ሰማያዊ ስላደረግነው ብቻ ድባቴ አይሆንም

ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ኮሪደራችን ላይ የተሰቀሉትን የተማሪ ፎቶግራፎች ያላየ ያለ አይመስለኝም። «ድባቴ» የሚል ርዕስ የያዙትን ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ነበሩ። በስድስቱ ላይ አንድ ሰው ጥግ ይዞ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ስድስቱም ሰማያዊ ናቸው። አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዋይት ባላንሱን ወደ አምፖል ብርሃን ማዞር፣ ኤክስፖዠሩን ትንሽ መቀነስ፣ አለቀ። እኔም አንደኛ ዓመት እያለሁ ሠርቼዋለሁ፣ ያውም ኤ አግኝቼበታለሁ።

ለመሆኑ ይህ ሰማያዊ ከየት መጣ? እንግሊዞች ሰው ሲከፋው «ብሉ ሆነ» ይላሉ። በእኛ ቋንቋ ግን ያዘነ ሰው ፊቱ ይጠቁራል፣ አመድ ይመስላል እንጂ ሰማያዊ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። አመድ የሚለው ደግሞ ያለ ነገር አይደለም። የጀርመኑ ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ የድባቴ ሕሙማን ሬቲና ለጥቁርና ነጭ ልዩነት የሚሰጠው ምላሽ ከጤነኞቹ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። «ዓለም ግራጫ ሆነብኝ» የሚል ሰው እንዲያው ለአባባል ያህል ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው ግን በአንድ ፎቶ ምክንያት ነው። የዶርም ጓደኛዬ ካቻምና ለክፍል ሥራ ያቀረበው ነው። ደመናማ ቀን፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ሁለት መቆንጠጫ፣ ከኋላ የብሎኬት ግድግዳ። ልብስ የለም፣ ሰው የለም፣ ጥላ እንኳ የለም። ክሪቲክ ላይ «ፍላት ነው፣ ኮንትራስት ጨምርበት» ተባለ። ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። እሱም «እሺ» ብሎ ተቀመጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዊዝድሮዋል ሞልቶ ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ተኝቶ የሚውለው ሰንፎ ሳይሆን ታሞ ነበር። «ደበረኝ» ብሎን ነበር እኮ! እኛ ግን ቃሉን ለፈተናውም ለካፌው ሽሮም ስለምንለው አልሰማነውም።

እንግዲህ ፎርሙላው ግራጫ ነው ማለቴ አይደለም። ጃፓናዊው ማሳሂሳ ፉካሴ እ.ኤ.አ. በ1976 ከባለቤቱ ጋር ሲፋታ ወደ ትውልድ ቦታው ሆካይዶ በባቡር ሄደ፤ እዚያም ቁራ ማንሳት ጀመረ። ለዓመታት ሲያነሳ ቆይቶ በ1986 መጽሐፍ ሆነ። ሐዘኑን ሞዴል አስቀምጦ አላስተወነውም። ያለው ከባድ ጥቁር፣ ሻካራ ግሬይን፣ በረዶ፣ ሌሊት በፍላሽ የሚያበራ የቁራ ዓይን ነው። በኮንትራስት ከጓደኛዬ ፎቶ ጋር ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። ሁለቱም ግን ያዩትን ነው ያነሱት፤ እኛ ስድስታችን ያነሳነው የሌላ ሰው ፎቶ ነው።

መምህራኖቻችንንም ራሳችንንም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ክሪቲክ ላይ «እንዲህ አድርገው» ከማለት በፊት «ለምን እንዲህ አደረግከው?» ይቅደም። ፎቶ የሐኪም ምርመራ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግራጫ ያነሳ ሁሉ ታሟል አይባልም። ቢሆንም ጓደኛዬን ያን ቀን የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እሱ ሕክምናውን ተከታትሎ ዘንድሮ ተመልሷል። ይህን እንድጽፍም፣ ፎቶውን ለመጪው ኤግዚቢሽን እንዳቀርብም ፈቅዶልኛል። ኮሚቴው ቦታ ይስጠን፤ ከሰማያዊዎቹ አጠገብም ቢሆን።