«ሲስተም የለም» ስንት በመቶ ነው?

«ሲስተም የለም» ተብሎ ከባንክ መስኮት ያልተመለሰ ነጋዴ በዚህ ከተማ የለም ማለት ይቻላል፡፡ ቀረጥ ሊከፍል የሄደው አስመጪ ክፍያው ሳይተላለፍ ዓርብ ያልፍበታል፤ ዕቃው በወደብ ተቀምጦ ኪራይ ይቆጥርበታል፡፡ አቤት ሲል የሚሰጠው መልስ ደግሞ «ሲስተማችን 99.9 በመቶ ይሠራል» የሚል ነው፡፡ የሚገርመው ሁለቱም ወገኖች እውነታቸውን ሊሆን መቻሉ ነው፡፡

ስሌቱ ራሱ የሚያስቸግር አይደለም፡፡ ሲስተሙ የቆመበት ጊዜ ለጠቅላላው ጊዜ ይካፈልና በመቶ ይባዛል፡፡ 99.9 በመቶ ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል መቆም ነው፡፡ 99 በመቶ ከሆነ ግን ከ87 ሰዓት በላይ ይሆናል፡፡ ጣጣው ያለው አካፋዩ ላይ ነው፤ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን? የሌሊቱስ ሰዓት ይቆጠራል?

የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2015 በኮምፒዩተር ችግር 3 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ያህል ግብይት አቁሞ ነበር፡፡ ገበያው በቀን የሚሠራው ስድስት ሰዓት ተኩል ስለሆነ የዕለቱ ግብይት 56 በመቶ ጠፋ ማለት ነው፡፡ በ24 ሰዓት ቢካፈል 15 በመቶ፣ በወሩ ቢካፈል ግማሽ በመቶ የማይሞላ፣ በዓመቱ ቢካፈል 0.04 በመቶ ይሆናል፡፡ ጉዳቱ ያው አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን እንደ ፈላጊው ይሰፋል ይጠባል፡፡ የቶኪዮ ገበያም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2020 ሙሉ ቀን ሳይከፈት ዋለ፡፡ የጠፋው የአምስት ሰዓት ግብይት ከዓመቱ ሰዓታት 0.06 በመቶ እንኳ አይሞላም፡፡ የገበያው ኃላፊ ግን በቀጣዩ ወር ሥልጣናቸውን ለቀዋል፡፡

ወደ እኛ ስንመጣ የቀን መቁጠሪያው የራሱን ጣጣ ይጨምራል፡፡ የ12 ሰዓት መቋረጥ በመስከረም ቢደርስ ከወሩ 1.7 በመቶ ነው፤ አምስት ቀን ባላት ጳጉሜን ቢደርስ 10 በመቶ፡፡ በፈረንጅ ወር ብቻ ሪፖርት የሚያወጣ ሶፍትዌር ደግሞ ሒሳቡን ሰኔ 30 ለሚዘጋ ነጋዴ ብዙም አይረባውም፡፡ የሚያስፈልገው መነሻና መድረሻ ቀኑን ራሱ መርጦ ማየት የሚችልበት ሪፖርት ነው፡፡

ቀን መምረጥ ሲቻልም ድንበሩ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፡፡ ሰኔ 30 ከቀኑ 10 ሰዓት ቆሞ ሐምሌ 1 ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተመለሰ ሲስተም 18 ሰዓት ቆሟል፡፡ ትክክለኛው ሪፖርት እኩለ ሌሊት ላይ ቆርጦ 8ቱን ለአሮጌው፣ 10ሩን ለአዲሱ የበጀት ዓመት ይሰጣል፡፡ «በተመረጠው ጊዜ ውስጥ ጀምሮ ያበቃውን ብቻ ቁጠር» ከተባለ ግን 18ቱም ሰዓት ከሁለቱም ዓመት ይጠፋል፡፡ ይህን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው አልልም፤ ተጠቃሚው ኪስ ላይ የሚያደርሰው ግን ያንኑ ነው፡፡

ሌላው መሸሸጊያ «የታቀደ ጥገና» የሚባለው ነው፡፡ በእሑድ ሌሊት የተደረገ ከሆነ ይሁን፤ ሰኞ ረፋዱ ላይ የተደረገውን ከቁጥር ማውጣት ግን ለእኔ አይገባኝም፡፡ መሥራት ብቻውንም አይበቃም፡፡ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ፣ በእንዲህ ያለው ስሌት ስህተቱ የቀጠለበት ሰዓት «የሠራ» ተብሎ ይቆጠራል፤ «የቆመ» የሚባለው ለማስተካከል የተዘጋበት ነው፡፡

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፡፡ እዚያ አክሲዮን መሸጥ የፈለገ ሰው ሲስተም በቆመበት ሰዓት የሚያጣው ዋጋ በማግሥቱ አይመለስለትም፡፡ ስለዚህ ባንክም ሆነ ደላላ ውል ሲያቀርብ ከመቶኛው በፊት እያንዳንዱ መቋረጥ የጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት በዝርዝር ይጠየቅ፤ አካፋዩም የሥራ ሰዓት ብቻ እንዲሆን በውሉ ይጻፍ፡፡ ዝርዝሩ ካለ ማካፈሉን ነጋዴው ራሱ ያውቅበታል፡፡