ቀኑን አትንገሩን

ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው ከተባለ ትምህርት ቤቱ ይታመሳል። ግድግዳው ኖራ ይቀባል፣ ዩኒፎርም ያላሟላ ከበር ይመለሳል፣ ጎበዝ ጎበዞቹ ፊት ወንበር ላይ ይደረደራሉ። የሚጠየቁትን ደግሞ እኛው መምህራን ቀድመን እናስጠናቸዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አልዋሽም።

ጋይንትን የሚያውቅ ያውቃል፤ ነፋስ መውጫ ስሟ ራሱ ብርዷን ይናገራል። ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ጠዋት ጋቢ ደርቦ ሲመጣ "አውልቅ፣ እንግዳ አለብን" እንለዋለን። ዩኒፎርሙ ያረጀበትን "አሰፍተህ ና" ብለን እንመልሰዋለን። በየትኛው ብር? ያን ቀን ያመለጠውን ሒሳብስ ማን ያስተምረዋል? ስማዳና እስቴ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እናንተ ጋ የተለየ ከሆነ ንገሩኝ።

ዩኒፎርም ይቅር አላልኩም። የሀብታምና የድሃ ልጅ እንዳይለይ ጥሩ ነው። ግን ልብሱ ላይ የምንጨክነውን ያህል እውቀቱ ላይ መቼ ጨክነን እናውቃለን? የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። እዚያ እኮ መልስ ቀድሞ የሚያስጠና መምህር የለም!

እናንተ ኢንስፔክተሮች፣ ስትመጡ ቀኑን አትንገሩን። ኋላ ወንበር ያለውን ልጅ ደብተሩን ተቀበሉና አገላብጡት። እኛንም ጠይቁን። ጋቢ የደረበውን ግን ተውት፣ ብርድ ነው።